በሂሳብ መልመጃ ላይ የታየው ሥዕል፤ የኦክስፎርድ ትምህርት ቤት ግድያና የተከተለው ፍርድ

በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት፣ ከዲትሮይት ከተማ በስተሰሜን ኦክስፎርድ የምትባል አነስተኛ ከተማ ትገኛለች። በዚህች ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኅዳር 21 ቀን 2014 ዓ.ም. ከቀኑ 6 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ሲሆን አንድ የ15 ዓመት ተማሪ ከመጸዳጃ ክፍል ሽጉጥ ይዞ ወጣና መተኮስ ጀመረ። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 17 ዓመት የሆነ 4 ተማሪዎች ተገደሉ፤ ሌሎች 6 ተማሪዎችና አንዲት መምህርት ቆሰሉ።

ይህ ከመሆኑ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ያው ተማሪ በትምህርት ቤቱ የምክር አገልግሎት ቢሮ ውስጥ ከወላጆቹ፣ ከአማካሪውና ከተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊው ጋር ተቀምጦ ነበር። የጀርባ ቦርሳውም አብሮት ነበር፤ ሽጉጡም፣ ዕቅዱን የጻፈበት ደብተርም በውስጡ ነበሩ። ቦርሳውን የፈተሸ፣ ስለ መሣሪያም የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ጉዳዩ ከዚያ ወዲህ በብዙ ችሎቶች ታይቷል። ልጁ ተፈርዶበታል፤ ወላጆቹም በአገሪቱ ታሪክ ከዚያ በፊት ባልታየ አኳኋን ተፈርዶባቸዋል። ትምህርት ቤቱንና ሠራተኞቹን በሚመለከት ግን ፍርድ ቤቶች የያዙት መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው ይኸው ልዩነት ነው። ምክንያቱም ፍርድ ቤት «ተጠያቂ አይደለም» ያለው ሁሉ በትክክል የተሠራ ነው ማለት እንዳይደለ ከዚህ ጉዳይ የበለጠ የሚያስረዳ ማግኘት ያስቸግራል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ ቀናት

ነገሩ ያልታሰበ ዱብ ዕዳ አልነበረም። ከአደጋው ጥቂት ሳምንታት በፊት አንዲት የቋንቋ መምህርት ልጁ በችግር ላይ የሚገኝ መስሎ እንደሚታያቸው ለአማካሪው በጽሑፍ አስታውቀው ነበር። ኖቬምበር 26 ቀን 2021 አባቱ ሽጉጥ ገዛ፤ በማግሥቱ እናቱ ልጁን ይዛ ወደ ዒላማ መለማመጃ ሥፍራ ሄደች። ኖቬምበር 29 ቀን አንዲት መምህርት ልጁ በክፍል ውስጥ በስልኩ ስለ ጥይት ሲፈልግ አይተው ለሚመለከታቸው ነገሩ። ከትምህርት ቤቱ ለእናቱ ስልክ ተደውሎ መልእክት ተተወ። እናቱ ለትምህርት ቤቱ መልስ አልሰጠችም፤ ለልጇ ግን እንዳልተቆጣችውና ለወደፊቱ እንዳይያዝ መማር እንዳለበት በቀልድ መልክ ጻፈችለት። ይህ አጭር የስልክ መልእክት በኋላ በፍርድ ቤት ደጋግሞ የተነበበ ማስረጃ ሆነ።

በማግሥቱ ጧት የሂሳብ መምህርቷ በተማሪው የመልመጃ ወረቀት ላይ ሽጉጥ፣ ጥይትና ደም የሚፈሰው ሰው ተሥሎ አዩ። በሥዕሉ ዙሪያ ሐሳቡ አላቆም እንዳለው፣ እርዳታ እንደሚሻ፣ ሕይወቱም ዋጋ እንደሌለው የሚገልጹ አጫጭር ቃላት ተጽፈው ነበር። መምህርቷ ወረቀቱን በስልካቸው ፎቶግራፍ አንሥተው አስተላለፉ። ይህ እርምጃ ቀላል መስሎ ቢታይም እጅግ ጠቃሚ ነበር። ልጁ ወደ ቢሮ በተጠራ ጊዜ ወረቀቱ ተለውጦ ተገኝቷልና፦ ሽጉጡና የሚደማው ሰው ተሠርዘዋል፤ በቦታቸውም ሕይወቱን እንደሚወድ፣ ትምህርት ቤቱም መልካም እንደሆነ፣ በዚያ ያሉት ሁሉ ጓደኛሞች እንደሆኑ ተጽፏል። ፎቶግራፉ ባይኖር ኖሮ በጠረጴዛው ላይ የሚቀረው ይህ ሁለተኛው ወረቀት ብቻ በሆነ ነበር።

ልጁ ሲጠየቅ ሥዕሉ ለቪዲዮ ጨዋታ ያሰበው ንድፍ መሆኑን ተናገረ። አማካሪው ነገሩን በቀላሉ አላለፉትም። በልጁ ላይ ኀዘን አዩበት፤ አያቱና ውሻው መሞታቸውን፣ የቅርብ ጓደኛውም ርቆ መሄዱን ሰሙ፤ ራሱን እንዳይጎዳ ሠጉ። ወላጆቹ ተጠርተው መጡ። አማካሪው ልጁ በዚያው ዕለት ወደ ባለሙያ እንዲወሰድ ሐሳብ አቀረቡ። ወላጆቹ ወደ ሥራ መመለስ እንዳለባቸው ተናገሩ። በመጨረሻ በ48 ሰዓት ውስጥ ሕክምና እንዲያገኝ ተነግሯቸው ስብሰባው ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ተጠናቀቀ። ከ4 ቀን በፊት ስለተገዛው ሽጉጥ ወላጆቹ አንዳች ቃል አልተነፈሱም። ልጁም ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ቸኩሎ መፍረድ አይገባም። አማካሪው በኋላ በፍርድ ቤት እንዳስረዱት፣ ራሱን ሊጎዳ ይችላል ተብሎ የሚታሰብ ልጅ ብቻውን ቤት ከሚውል በጓደኞቹና በመምህራኑ መካከል ቢቆይ ይሻላል የሚል ግምት ነበራቸው። ይህ አስተሳሰብ ራስን ስለ መግደል ሥጋት ብቻ ሲታይ መሠረት ያለው ነው። ስሕተቱ ያለው የቀረበው ጥያቄ አንድ ብቻ በመሆኑ ላይ ነው፦ «ልጁ ራሱን ይጎዳ ይሆን?» ተባለ፤ «ሌላውንስ?» አልተባለም። የጥይቱ ነገር፣ ሥዕሉና የቋንቋ መምህርቷ ማስታወሻ በተለያየ ጊዜ የታወቁ ነበሩ። ሁሉንም በአንድ ገጽ ላይ አስቀምጦ እንዲያይ ግዴታ የተሰጠው ሰው ግን አልነበረም። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርም ስለ ስብሰባው አስቀድሞ አልተነገራቸውም።

የልጁ ፍርድ

ልጁ እንደ አዋቂ ሰው ተከሰሰ። ኦክቶበር 24 ቀን 2022 በ24 ክሶች ጥፋተኛነቱን አመነ። ከነዚህም መካከል 4 የነፍስ ግድያ ክሶችና አንድ የሽብር ክስ ይገኙባቸዋል። የሽብር ክሱ የተመሠረተው ሚሺጋን በ2002 ባወጣችው የፀረ ሽብር ሕግ ነው። ዐቃቤ ሕግ ካረን ማክዶናልድ ይህን የጨመሩበት ምክንያት ሊጠቀስ ይገባዋል። የግድያው ክስ ስለ ሟቾች፣ የመግደል ሙከራው ክስ ስለ ቁስለኞች ይናገራል፤ ከጠረጴዛ ሥር ተደብቀው፣ በመስኮት ዘለው ያመለጡት በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ግን በየትኛውም ክስ ውስጥ አይገኙም። የሽብር ክሱ እነርሱንም ተበዳይ አድርጎ እንዲቆጥር ታስቦ የቀረበ ነው።

የዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ ከ18 ዓመት በታች በሆነ ጥፋተኛ ላይ ያለ አመክሮ የዕድሜ ልክ እስራትን በሕግ አስገዳጅነት መጣል አይቻልም፤ ዳኛው አስቀድመው የልጁን ዕድሜ፣ አስተዳደግና የመታረም ተስፋ መመርመር አለባቸው። ይህ ምርመራ ተካሂዶ ዳኛ ክዋሜ ሮው ዲሴምበር 8 ቀን 2023 ያንኑ ከባድ ቅጣት ወሰኑ።

የወላጆች ተጠያቂነት

ከአደጋው 3 ቀናት በኋላ ሁለቱም ወላጆች በቸልተኝነት ሰው በመግደል ወንጀል ተከሰሱ። እያንዳንዳቸው የቀረበባቸው ክስ በሟቾቹ ቁጥር ልክ 4 ነበር። ለክሱ ሁለት መሠረቶች ተሰጡት። አንደኛው፣ ወላጆቹ ማንኛውም ተራ ሰው ሊወስደው የሚችለውን ጥንቃቄ ሳይወስዱ በመቅረታቸው ከፍተኛ ቸልተኝነት ፈጽመዋል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጃቸው ሌላውን እንዳይጎዳ የመቆጣጠር ሕጋዊ ግዴታቸውን አልተወጡም የሚል ነው።

የወላጆቹ ጠበቆች ያነሡት ዋና መከራከሪያ ቀላል አልነበረም። ተኩሱን የፈጸመው ልጁ ነው፤ አስቦና አቅዶ ያደረገው የራሱ ተግባር በወላጆቹ ጥፋትና በሟቾቹ መካከል ገብቶ የምክንያቱን ሰንሰለት ይበጥሰዋል አሉ። የሚሺጋን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2023 ይህን አልተቀበለውም። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ጣልቃ የገባው ተግባር ሊጠበቅ የማይችል ሲሆን ነው፤ በዚህ ጉዳይ ግን ሥዕሉን ያዩ፣ ሽጉጡን የገዙ ወላጆች ይህን ሊጠብቁ ይችሉ ነበር ወይስ አይችሉም የሚለው በጁሪ ሊወሰን የሚገባው የፍሬ ነገር ጥያቄ ነው በማለት ክሱ እንዲሰማ ፈቀደ። ጁሪ ማለት ከሕዝቡ መካከል ተመርጠው በፍሬ ነገሩ ላይ ፍርድ የሚሰጡ 12 ዜጎች ናቸው።

ሁለቱ ወላጆች ለየብቻ ተዳኙ። እናቱ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2024፣ አባቱ ማርች 14 ቀን 2024 ጥፋተኞች ተባሉ። ዳኛ ሼሪል ማቲውስ አፕሪል 9 ቀን 2024 እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት እንዲታሰሩ ፈረዱ። ልጃቸው በትምህርት ቤት ለፈጸመው የጅምላ ግድያ በዚህ ወንጀል የተፈረደባቸው የመጀመሪያዎቹ አሜሪካውያን ወላጆች እነዚህ ናቸው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር በጆርጂያ ግዛት በአፓላቺ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 2 ተማሪዎችና 2 መምህራን ሲገደሉ፣ በተኳሹ ልጅ አባት ላይ ክስ ለመመሥረት አንድ ቀን ብቻ ነው የወሰደው።

በ2021 በሚሺጋን የጦር መሣሪያን ልጆች ከማይደርሱበት ቆልፎ ማስቀመጥን የሚያዝ ሕግ አልነበረም። እንዲህ ያለው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2024፣ ማለትም በእናቱ ላይ ፍርድ ከተሰጠ ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው። ወላጆቹ የተፈረደባቸው እንግዲህ የተለየ የማስቀመጫ ሕግ ጥሰው ሳይሆን፣ በዕለቱ የሚያውቁትን እያወቁ ማድረግ የሚገባቸውን ባለማድረጋቸው ነው። ልጁን ይዘው ወደ ቤት ቢሄዱ፣ ሽጉጡ በቦታው መኖሩን ቢያዩ፣ ወይም በስብሰባው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገሩ በቂ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ያልተጠየቀበት ምክንያት

የሟቾቹ ቤተሰቦች የትምህርት ቤቱን አስተዳደርና ሠራተኞቹን በፍትሐ ብሔር ከሰሱ። ይህ ክርክር በሁለት መንገድ ሄደ፤ አንደኛው በግዛቱ፣ ሁለተኛው በፌዴራል ፍርድ ቤት።

በሚሺጋን ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ሠራተኞቻቸው ሥራቸውን ሲያከናውኑ ለሚደርስ ጉዳት ካሣ ከመክፈል በአብዛኛው የተጠበቁ ናቸው። ሠራተኛው የሚጠየቀው ከፍተኛ ቸልተኝነት ከፈጸመና ይኸው ቸልተኝነት የጉዳቱ ቅርብ ምክንያት ከሆነ ነው። የነገሩ ቁልፍ «የጉዳቱ ቅርብ ምክንያት» በሚለው ሐረግ ውስጥ ይገኛል። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2000 ዲትሮይት ከተማን በሚመለከት ጉዳይ ላይ እንደተረጎመው፣ ሕጉ የሚፈልገው ከምክንያቶቹ «አንዱን» ሳይሆን፣ ለጉዳቱ እጅግ ቅርብና ቀጥተኛ የሆነውን «ብቸኛውን» ምክንያት ነው። ይህ ከተባለ ዘንድ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ይሆናል። ለ4ቱ ልጆች ሞት እጅግ ቅርብና ቀጥተኛ የሆነው ምክንያት ቃታውን የሳበው ልጅ ነው። የኦክላንድ አውራጃ ፍርድ ቤት በ2023 በዚሁ መሠረት ክሱን ዘጋው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2024 አጸናው።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። ያው የልጁ ተኩስ በወላጆቹ የወንጀል ጉዳይ ሰንሰለቱን አልበጠሰውም፤ በትምህርት ቤቱ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ግን ኃላፊነትን ሁሉ ጠቅልሎ ወሰደ። ሁለቱ ውሳኔዎች አይቃረኑም፤ የተለያዩ ሕጎች የተለያየ ጥያቄ ስላቀረቡ ነው። ነገር ግን ልጁን ላጣ ቤተሰብ ይህን ማስረዳት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

በፌዴራሉ መንገድ የቀረበው ክርክር ደግሞ ከሕገ መንግሥቱ የመነጨ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1989 በወሰነው መሠረት መንግሥት ዜጋን ከሌላ ግለሰብ ጥቃት የመከላከል አጠቃላይ ሕገ መንግሥታዊ ግዴታ የለበትም። ቤተሰቦቹ ይህን ለማለፍ፣ ሠራተኞቹ ልጁን ከነቦርሳው ወደ ክፍል በመመለስ አደጋውን ራሳቸው ፈጥረዋል አሉ። የመጀመሪያ ደረጃው ፍርድ ቤት ከክሱ ጥቂቱ እንዲቀጥል ፈቅዶ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በ2025 ለአማካሪው ፈረደ፤ የአማካሪው አድራጎት የተሻለ ጥንቃቄ የጎደለው ሊባል ቢችልም፣ ሕገ መንግሥቱን እስከ መጣስ የሚደርስ ሆኖ አላገኘውም።

የቦርሳው ፍተሻ ነገርም አብሮ ሊታይ ይገባል። በአሜሪካ ሕግ የትምህርት ቤት ሠራተኛ የተማሪን ቦርሳ ለመፈተሽ የዳኛ ትእዛዝ አያስፈልገውም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1985 እንደወሰነው ምክንያታዊ ጥርጣሬ ይበቃል። የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊው ቦርሳውን ከክፍል አምጥተው ለልጁ ሲሰጡት ለመፈተሽ የሚያበቃ ምክንያት እንዳልታያቸው አስረድተዋል፤ ጉዳዩን የአእምሮ ጤና እንጂ የሥነ ሥርዓት ጉድለት አድርገው አልቆጠሩትምና። ሕጉ እንግዲህ በሩን አልዘጋም ነበር። በሩን የዘጋው ጉዳዩ የተመዘገበበት የመዝገብ ዐይነት ነው። «ሥነ ሥርዓት» ቢባል ኖሮ ፍተሻ፣ «ምክር» ሲባል ደግሞ ርኅራኄ ተከተለ፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሊያስፈልጉ እንደሚችሉ የሚናገር የአሠራር መመሪያ በሠራተኞቹ እጅ አልነበረም።

ምርመራው ያሳየው

ፍርድ ቤት ያልመለሰውን ጥያቄ ለመመለስ የሞከረው የትምህርት ቤቱ ቦርድ ከውጭ ያስመጣው መርማሪ ድርጅት ነው። በኦክቶበር 2023 የቀረበው ከ500 ገጽ በላይ የሆነ ዘገባ ተገቢው የሥጋት ምዘና ቢካሄድ ኖሮ አደጋውን ማስቀረት ይቻል እንደነበር ገልጿል። አስተዳደሩ ስለ ሥጋት ምዘና የተጻፈ ፖሊሲ ነበረው። በትምህርት ቤቱ ግን ፖሊሲውን በተግባር የሚተረጉም መመሪያና ሥልጠና አልተዘረጋም ነበር። ዕቅድ አውጪዎች ይህን ሁለት ጊዜ ሊያነቡት ይገባል።

የሥጋት ምዘና ማለት ምን እንደሆነ በአጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። የዩናይትድ ስቴትስ ሚስጥራዊ አገልግሎት ከትምህርት ሚኒስቴሩ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 2000 የተፈጸሙ 37 የትምህርት ቤት ጥቃቶችን አጥንቶ በ2002 ውጤቱን አወጣ። ከጥቃቶቹ በ81 በመቶው ቢያንስ አንድ ሰው ዕቅዱን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ከአጥቂዎቹ 93 በመቶ የሚሆኑት ከጥቃቱ በፊት ሌሎችን ያሳሰበ ጠባይ አሳይተዋል። መሣሪያው በ68 በመቶው ከራሳቸው ወይም ከዘመድ ቤት የተገኘ ነው። ከሁሉም በላይ ግን፣ አጥቂን አስቀድሞ የሚያስለይ አንድ ወጥ የሰው መልክ ወይም ባሕርይ አልተገኘም። በውጤቱ ጎበዝም ደካማም፣ ባለ ብዙ ጓደኛም ብቸኛም ነበሩበት። ከዚህም የተነሣ «አደገኛ የሚመስሉ» ተማሪዎችን ስም ዝርዝር ማዘጋጀት ጥቅም የለውም፤ ጉዳት ግን አለው።

ምዘናው የሚጠይቀው ልጁ ምን ይመስላል ብሎ ሳይሆን ምን እያደረገ ነው ብሎ ነው። ርእሰ መምህሩ፣ አማካሪው፣ መምህርና የፖሊስ ተወካይ ያሉበት ቡድን ይሰበሰባል። የየክፍሉ መምህራን ያዩት ሁሉ በአንድ መዝገብ ይቀርባል። ወላጆች ሲጠሩ በቤት ውስጥ መሣሪያ አለ ወይ፣ ልጁስ ሊያገኘው ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በግልጽ ይቀርብላቸዋል፤ ይህ ጥያቄ ለጠያቂው ድፍረት የተተወ ሳይሆን በቅጹ ላይ የታተመ ነው። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዲዊ ኮርኔል የመሩት ሥራ ጊዜያዊ ቁጣ የወለደውን ዛቻ፣ ዕቅድና ዝግጅት ካለው እውነተኛ ሥጋት የመለየትን ዘዴ አስተማረ። አብዛኛው ዛቻ ከመጀመሪያው ወገን ስለሆነ በይቅርታና በምክር ያልቃል፤ ልጁም ከትምህርት ገበታው አይለይም። የቨርጂኒያ ግዛት በ2013 በሁሉም የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ቡድን እንዲቋቋም በሕግ አዘዘ።

ይህን አሠራር ከኦክስፎርድ ጧት ጋር ማነጻጸር አያስቸግርም። መምህራኑ ድርሻቸውን ተወጥተዋል፤ ያዩትን ተናግረዋል፤ አንዷም ማስረጃውን ሳይጠፋ ይዘዋል። የጎደለው ከእነርሱ በኋላ ያለው እርከን ነበር። አማካሪው በመቶዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ብቻቸውን ይከታተሉ ነበር፤ የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር የሚመክረው ለአንድ አማካሪ 250 ተማሪ ነው። እንዲህ ባለ ጫና ውስጥ ላለ ሰው ሕይወትና ሞትን የሚወስን ጥያቄ በሩብ ሰዓት ውስጥ፣ ካልተሟላ መዝገብ እንዲመልስ መተው የሥራ ክፍፍል ጉድለት ነው። ከዚህም ሌላ መምህር አንድን ነገር ካስታወቀ በኋላ ምን እንደተወሰነ ካልተነገረው፣ ልጁ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ምን መጠበቅ እንዳለበት አያውቅም። በምዘናው ሥርዓት ስለዚህ ልጁ ከመመለሱ በፊት ሦስት ነገሮች በጽሑፍ ይሰፍራሉ፦ ማን እንደሚከታተለው፣ በየስንት ቀኑ እንደሚታይ፣ መዝገቡም በማን ውሳኔ እንደሚዘጋ። የየክፍሉ መምህራንም ማወቅ የሚገባቸው ይነገራቸዋል።